የሻምበል ወንድይፍራው ደብተር

ከዚህ በታች የምተርከው ነገር የተፈጸመው ከአንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ እስከ ማግሥቱ ዓርብ ረፋድ ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። አንድ ሙሉ ቀን እንኳ አይሞላም። ይሁን እንጂ ከዚያ በፊት የነበርኩት ሰውና ከዚያ በኋላ የሆንኩት ሰው መንገድ ላይ ቢገናኙ ሰላምታ የሚለዋወጡ አይመስለኝም።

ዘመኑ የሺህ ዘጠኝ መቶ ሰማንያዎቹ ማብቂያ ነበር። ሃያ አራት ዓመቴ ነው። ከዩኒቨርሲቲ በወጣሁ በመጀመሪያው ዓመት በቂርቆስ ከሚገኙት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በአንዱ የአሥራ አንደኛ ክፍል እንግሊዝኛ መምህር ሆኜ ተቀጠርኩ። ብዙ አንብቤ ነበር፤ ይልቁንም ብዙ ማንበቤን የሚያውቅልኝ ሰው ሳገኝ ደስ ይለኝ ነበር። የምኖረው ካዛንቺስ ውስጥ፣ ከዋናው መንገድ ወደ ውስጥ በሚያስገባ ኮረኮንች ላይ፣ በሻምበል ወንድይፍራው ግቢ ካሉት ሁለት የሰርቪስ ክፍሎች አንዷን ተከራይቼ ነው።

ሻምበል የቀድሞው ሠራዊት መኮንን ነበሩ። ሥርዓቱ ሲለወጥ ከሌሎች መኮንኖች ጋር ወደ ካምፕ ገብተው፣ ከዓመት በላይ ቆይተው ተለቀቁ። ባለቤታቸው በዚያው መሐል አርፈዋል። ከዚያ ወዲህ በረንዳቸው ላይ አንዲት ጠረጴዛ ዘርግተው ሰዓት ይጠግናሉ፤ ትዕግሥት የምትባል ልጃቸውንም ያሳድጋሉ። ትዕግሥት የእኔ ተማሪ ነበረች። ግቢ ውስጥ «ጋሼ ዳዊት»፣ ትምህርት ቤት «ቲቸር» ትለኛለች፤ ሁለቱን አንድ ቀን እንኳ አቀያይጣ አታውቅም።

ሻምበል አንድ ደብተር ነበራቸው። ጠንካራ ጥቁር ሽፋን ያለው፣ ጠርዙ በላብ የወየበ ደብተር ነው። በውስጡ በእርሳቸው ሥር ተዋግተው የወደቁ አንድ መቶ አሥራ ሁለት ወታደሮች ስም ከነአባትና ከነአያት ተጽፏል፤ ከእያንዳንዱም ፊት ለፊት የትና መቼ እንደወደቀ፣ የት እንደተቀበረ። በወር አንድ ጊዜም ሆነ ሁለት ጊዜ በሩን የሚያንኳኳ ሰው አይጠፋም ነበር፤ እናት፣ ወንድም፣ አንዳንዴም ሚስት። ሻምበል እጃቸውን ታጥበው ደብተሩን ያመጣሉ፣ ስሙን በጣታቸው ይፈልጋሉ፣ ካገኙም ድምፃቸውን ሳይቀይሩ ያነባሉ። ሰውየው አልቅሶም ሆነ ሳያለቅስ ይሄዳል፤ ግን ተዝካር የሚያወጣበትን ቀን ይዞ ይሄዳል። በዚያን ጊዜ የቀድሞ መኮንን ቤት ውስጥ የወታደር ስም ዝርዝር ቢገኝ ምን ተብሎ ሊተረጎም እንደሚችል ለማንኛችንም የተሰወረ አልነበረም። ቢሆንም ሻምበል ደብተሩን አልደበቁትም፤ ከሬዲዮኑ ጎን ነበር የሚቀመጠው።

እንግዲህ በዚህ መሐል ሚስተር ኮሊን መጣ። ከስኮትላንድ የመጣ፣ ስድሳ ዓመት ያለፈው ጡረተኛ መምህር ነው። በቀበሌያችን ቤተ መጻሕፍት ሃያ ለሚሆኑ ወጣቶች ለሦስት ወር እንግሊዝኛ በነፃ ሊያስተምር፣ በተጨማሪም የእኛን ትምህርት ቤት ሊጎበኝ ተስማምቶ ነበር። ትዕግሥትና ሌሎች የክፍሌ ልጆች ተመዘገቡ። እኔ አስተርጓሚና አጃቢ ሆኜ ተመደብኩ።

ምክትል ርዕሰ መምህራችን አቶ ኃይሉ ቢሮአቸው አስገብተው በሩን ከዘጉ በኋላ የነገሩኝን እስከ ዛሬ አስታውሳለሁ።

«ስማ ዳዊት፣ እኔ ሰው አልጠረጥርም» አሉኝ። «ግን ባሕር ተሻግሮ መጥቶ በነፃ የሚያስተምር ሰው፣ የሚሰጠንን አውቀነዋል፤ የሚወስደው ምንድን ነው? እስቲ ዓይንህን ጣል አድርግበት።»

ዓይኔን ለመጣል ብዙ ልመና አላስፈለገኝም። ምክንያቱን አሁን ልናገር። በመጀመሪያው ሳምንት ኮሊን በልጆቹ ፊት አንድ ቃል አጠራሬን አርሞኝ ነበር። ያረመኝ በትሕትና ነው፤ ልጆቹም ልብ አላሉትም። እኔ ግን ሦስት ቀን ሙሉ ስለዚያ ቃል ሳስብ ሰነበትኩ። ጥርጣሬዬ ከአቶ ኃይሉ ቃል ይልቅ ከዚያ እርማት የበቀለ መሆኑን ያወቅሁት ዘግይቶ ነው።

ሐሙስ ዕለት ከሰዓት በኋላ ትምህርቱ አልቆ ልጆቹ ወጡ። ኮሊን እጁን ሊታጠብ ወደ ጓሮ ሄደ። አረንጓዴ ማስታወሻ ደብተሩ ጠረጴዛው ላይ ገርበብ እንዳለ ቀርቷል። ገለጥኩት።

የስም ዝርዝር ነው። በላቲን ፊደል፣ በንጹሕ የመምህር ጽሕፈት፣ ወደ ሃያ ስሞች ተደርድረዋል። ሁሉም የወንድ ስሞች ናቸው። ካሳሁን። ገብረማርያም። ደምሴ። ዘለቀ። ከተማሪዎቹ መሐል ግማሾቹ ሴቶች መሆናቸውን አውቃለሁ፤ ስለዚህ ይህ የተማሪዎች ዝርዝር ሊሆን አይችልም አልኩ። ከየስሙ ጎን አጭር፣ ስለ ወንድ ይሁን ስለ ሴት የማይለይ የማስታወሻ እንግሊዝኛ ሰፍሯል። ከካሳሁን ጎን «ፍርሃት፤ ከጓደኞች መነጠል ያስፈልጋል» ይላል። ከገብረማርያም ጎን «መሪነት፤ ሌሎችን ማንቀሳቀስ» ይላል። ወደ ታች ስወርድ ግን የማውቀው ስም አገኘሁ። ወንድይፍራው፤ «ዝምታ። የሚታወቀው ከሚነገረው እጅግ ይበልጣል። ለብቻ ማነጋገር።» ከሥሩም ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል።

ደብተሩን እንደነበረ መለስኩት። ኮሊን እጁን በመሐረብ እያደረቀ ገባና ፈገግ አለልኝ። ፈገግታው ራሱ ማስረጃ ሆኖ ታየኝ።

አብረን ወደ ባምቢስ ሱፐርማርኬት አቅጣጫ ስንሄድ በነገው የትምህርት ቤት ጉብኝት ፎቶግራፍ ማንሳት ይፈቀድለት እንደሆነ ጠየቀኝ። ቀጥሎም የእጁን ሰዓት አሳየኝ፤ ቆሟል። ከተማሪዎቹ የአንዷ አባት ሰዓት ጠጋኝ መሆናቸውን ሰምቷልና ቤታቸው ሊሄድ ይፈልጋል፤ ሻምበልን ማለቱ ነው። ቀኑን ሙሉ እቤት ይውሉ እንደሆነ ጠየቀኝ። አላውቅም አልኩት። የማውቀውን ነገር አላውቅም ስል ልቤ ከሌላ ጊዜ በበለጠ ረግቶ ነበር፤ አልመው የነበረውን ዓይነት ሰው፣ ምስጢር የሚጠብቅ ሰው የሆንኩ መሰለኝ።

ግቢ ስደርስ ፀሐይ ገና አልገባችም። ሻምበል የሰዓት ሠሪ መነጽራቸውን አንድ ዓይናቸው ላይ ሰክተው አጎንብሰዋል። ትዕግሥት ወደ ሱቅ ሄዳለች። አጠገባቸው ዱካ ላይ ተቀምጬ ያየሁትን ሁሉ ነገርኳቸው። እስክጨርስ ቀና አላሉም። ከዚያ መነጽሩን አወለቁ።

«ሙሉ ስሜ ነው የተጻፈው?»

«ስምዎ ብቻ ነው ሻምበል። ማዕረግም የለውም።»

«የአባቴስ ስም?»

«የለም። የማንም የአባት ስም የለም።»

ጠረጴዛው ላይ ያለውን ጥቃቅን ብሎን አንድ በአንድ ወደ ጣሳ ክዳን ከተቱ።

«ሰው የሰውን ስም ያለ አባቱ አይጽፍም» አሉ በመጨረሻ። «ለዕድር ብትጽፍ ከነአባቱ ነው፤ ለቀበሌ ብትጽፍ ከነአያቱ ነው። ያለ አባት የሚጻፍ ስም አንድ ብቻ ነው፤ የሚደበቅ ስም።»

ክርክሩ ልክ መሰለኝ። እኔም ያንኑ አስቤ ነበር። ሌሎቹን ስሞች አንድ በአንድ ጠየቁኝ፤ የማስታውሳቸውን ነገርኳቸው። ገብተው ጥቁሩን ደብተር አመጡና ገለጡት። ሦስት ካሳሁኖች፣ ሁለት ደምሴዎች፣ አንድ ዘለቀ አገኙ። አገራችን ውስጥ አንድ መቶ አሥራ ሁለት ወንዶች ሰብስባችሁ ካሳሁን የሚባል ብታጡ ነው የሚደንቀው፤ በዚያች ሰዓት ግን ሁለታችንም ይህን ለማሰብ አልፈለግንም። ሻምበል ጣታቸውን ዘለቀ በሚለው ስም ላይ አሳርፈው ቆዩ።

«እነዚህ ሞተዋል» አሉ። «የሞተ ሰው ስም ለማን ይጠቅማል? ደብተሩን ፈልገው ነው። የጻፈው ሰው ማን እንደሆነ ማወቅ ፈልገው ነው።»

ከዚያም በሕይወቴ ሙሉ ደጋግሜ የምሰማውን ጥያቄ ጠየቁኝ።

«መምህር፣ ይህ ነገር እስኪያልፍ ለጥቂት ቀን አንተ ዘንድ ላስቀምጠው?»

አንባቢዎቼ፣ ከሁሉ በላይ የምጸጸትበት ጥርጣሬዬ አይደለም። መጠርጠር የዘመኑ በሽታ ነበር፤ ታመምኩ ማለት እችላለሁ። ይህች መልሴ ግን የራሴ ናት። የእኔም ክፍል ያው እዚሁ ግቢ ውስጥ ናት፣ ቢፈተሽ አብሮ ይፈተሻል አልኳቸው። እውነት ነው፤ ግን ያልኩት እውነት ስለሆነ አልነበረም። ቀጥዬም፣ ባልጠየቁኝ ነገር ላይ፣ ደብተሩ ከቤት ውስጥ ባይገኝ እንደሚሻል ተናገርኩ። ሻምበል አዩኝ። ተቆጥተው አልነበረም፤ ብዙ ወታደር ያየ መኮንን፣ የማን ጉልበት የት ድረስ እንደሆነ ሲያውቅ እንደሚያየው ዓይነት ነበር።

«ገባኝ» አሉ። ትዕግሥት በሩን ስትከፍት ወሬያችንን ቀየርን።

ዓርብ ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ኮሊን ክፍሌ ገባ። ሃምሳ አራት ተማሪዎች ብድግ ብለው በአንድ ድምፅ ሰላምታ ሰጡት፤ እሱም ደንግጦ ሳቀ። አቶ ኃይሉ ከኋላ ወንበር ይዘው ተቀምጠዋል። እኔ ከጥቁር ሰሌዳው አጠገብ ለማስተርጎም ቆሜያለሁ። የቦርሳው ዚፕ በተከፈተ ቁጥር አንገቴ ይገተራል። በመጀመሪያ ካሜራውን አወጣ፤ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ቀጥሎ አረንጓዴውን ማስታወሻ አወጣ።

በቤተ መጻሕፍቱ ትምህርት ልጆቹን በስም ጠርቷቸው አያውቅም ነበር፤ ስማችን ለምላሱ አልገራ ስላለው መዳፉን ዘርግቶ ነበር የሚያመለክተው። ዛሬ ግን ሌሊቱን ሲለማመድ ማደሩን ነገረን። ከቤተ መጻሕፍቱ ተማሪዎች መካከል እዚህ ክፍል ያሉትን አንድ በአንድ ጠርቶ፣ የጻፉትን ድርሰት ለጓደኞቻቸው እንዲያነቡ ይፈልጋል። ተረጎምኩ። እየተረጎምኩ ሳለ ምን እንደምናገር አላሰብኩም ነበር።

ኮሊን መነጽሩን አስተካክሎ፣ በከፍተኛ ጥንቃቄ፣ «ካሳሁን» አለ።

ማንም አልተነሣም። ልጆቹ ተያዩ። ካሳሁን የሚባል እዚህ ክፍል እንደሌለ አለቃዋ ተናገረች። ኮሊን ወደ ወረቀቱ አየ፣ ግራ ገባው፣ ወደ ታች ወረደ።

«ወንድይፍራው።»

ከመስኮቱ በኩል የተቀመጠ አንድ ቀልደኛ ልጅ፣ «ቲቸር፣ ፋዘር ነው እንዴ የተጠራው? ወላጅ አምጪ ተብላ ነው?» አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሌላው ተቀብሎ፣ እሱም ጥሪውን በወታደር ድምፅ ደገመው። በዚህ ሁሉ መሐል ትዕግሥት ዩኒፎርሟን እየጎተተች ተነሣች። ፊቷ ቀልቷል።

«እኔ ነኝ» አለችው በእንግሊዝኛ። «ወንድይፍራው አባቴ ነው። የእኔ ስም ትዕግሥት ነው።»

የመመዝገቢያው ወረቀት ላይ ልጆቹ ስማቸውንና የአባታቸውን ስም ጽፈው ሰጥተውት ነበር። እሱ ደግሞ በአገሩ ልማድ፣ ተማሪ በመዝገብ ላይ በመጨረሻ ስሙ ስለሚጻፍ፣ የመጨረሻውን ወስዶ ገለበጠ። ፈሪው ካሳሁን ከፊት ረድፍ የተቀመጠው፣ ከጓደኞቹ ተደብቆ ካልሆነ አፉን የማይከፍተው ሙሉጌታ ካሳሁን ነበር። መሪው ገብረማርያም የክፍል አለቃዋ ሣራ ገብረማርያም ነበረች። ብዙ አውቃ ዝም የምትለው፣ ለብቻዋ ሊያነጋግራትና ሊያበረታታት የፈለገው፣ ትዕግሥት። የፈረንጆች ስም እንዴት እንደሚጻፍ ከመማሪያ መጽሐፉ አውጥቼ ለእነዚሁ ልጆች ያስተማርኩት፣ ፈተና ላይም ያወጣሁት እኔ ነኝ። አንድ ጊዜ እንኳ ትዝ አላለኝም። ለማወቅ የሚያስፈልገኝን ሁሉ አውቅ ነበር፤ መጠርጠር ግን የማውቀውን ሁሉ ከለከለኝ።

ትዕግሥት ወረቀቷን ይዛ ወደ ፊት ስትመጣ እኔ በሩ ላይ ደርሼ ነበር። አቶ ኃይሉ ከኋላ በስሜ ጠሩኝ። አልዞርኩም።

ከትምህርት ቤቱ እስከ ካዛንቺስ በእግር ሃያ አምስት ደቂቃ ያህል ያስኬዳል። ታክሲ ብጠብቅ ይሻል ነበር፤ መቆም ግን አልቻልኩም። ዳገቱን በሩጫ ወጣሁት። መንገድ ላይ ለራሴ የምነግረው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሻምበል ቸኩለው ነገር የሚያደርጉ ሰው አይደሉም፣ አይቸኩሉም፣ አይቸኩሉም።

የግቢው በር ከውስጥ ተቀርቅሯል። አንኳኳሁ። ቆይተው ከፈቱልኝ። እጅጌያቸው ተሰብስቧል። ከጓሮው ጥግ፣ ልብስ ከሚታጠብበት ድንጋይ አጠገብ፣ ግማሽ በርሜል አለ። ጭስ እንኳ አልነበረውም። ጥቁሩ ሽፋን ብቻ ሙሉ በሙሉ ስላልተቃጠለ ተጠቅልሎ ከአመዱ በላይ ይታያል።

ቆሜ፣ እያለከለክሁ፣ ሁሉን ነገርኳቸው። ስለ መዝገቡ፣ ስለ ፈረንጆቹ ልማድ፣ ስለ ሙሉጌታና ስለ ሣራ። ሻምበል ሲሰሙኝ ፊታቸው አልተለወጠም። ጨርሼ ዝም ስል ወደ በረንዳው ሄደው ተቀመጡ።

«እንግዲህ በእኔ ስም ተጠርታ፣ ትዕግሥት ነች የተነሣችው?»

«አዎን ሻምበል።»

«አነበበች?»

አላውቅም ነበር። ጥያት መጥቻለሁ አልኳቸው።

«መስማት ነበረብህ» አሉኝ። ያን ቀን ከአፋቸው የወጣው ወቀሳ ይህ ብቻ ነው።

ለኮሊን በማግሥቱ ነገርኩት። ከክፍል ለምን እንደወጣሁ ጠይቆኝ ነበርና ምንም ሳላስቀር፣ ደብተሩን መግለጤንም ጭምር ነገርኩት። መንገዱ ዳር ቆመ። ከዚያም የሃያዎቹን ተማሪዎች የራሳቸውን ስም እንዳስጠናው ጠየቀኝ። እዚያው ቆመን አንድ በአንድ አስጠናሁት። እውነቱን ለመናገር፣ በዚያች ሰዓት እንኳ ከውስጤ አንዱ ክፍል፣ ይህ ሰው ያልተቆጣው ለምን ይሆን እያለ ይመረምረው ነበር። ጥርጣሬ ስሕተቱ ስለታወቀ ብቻ ከሰው አይወጣም።

ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ሁልጊዜ ቅዳሜ ሻምበል እየነገሩኝ እኔ እየጻፍኩ ስሞቹን ከትዝታ ለማውጣት ሞከርን። ሰውየው ማስታወስ ይችላሉ። አንዳንዱን በድምፁ፣ አንዳንዱን በጫማ ቁጥሩ፣ አንዱን ስኳር ሲሰርቅ በመያዙ ያስታውሱታል። የአንዱ ስም መጥቶ የአባቱ ስም ሲጠፋባቸው ከመጀመሪያው ስም ጀምረው እንደገና ይቆጥራሉ። ከአንድ መቶ አሥራ ሁለቱ ሰማንያ ስድስት ደረስን። ሰማንያ ሰባተኛው አልመጣም።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ዓመት አልፏል። ዛሬ ስለ አንድ ሰው ክፉ ነገር ሲነገረኝ፣ ወይም እኔው ራሴ ስደርስበት፣ ማስረጃው ምንድን ነው ብዬ አልጠይቅም፤ ማስረጃ ሁልጊዜ ይገኛል፣ እኛ ሦስት ካሳሁኖች አግኝተናል። የምጠይቀው፣ ይህን ነገር እውነት እንዲሆን የፈለግሁት ለምንድን ነው ብዬ ነው። እናንተም፣ የምታነቡኝ፣ በሰው ላይ ስትፈርዱ ይህችን ጥያቄ አስቀድሙ ብል ምክር የምሰጥ እንዳይመስላችሁ፤ ለምክር የሚበቃ ነገር የለኝም።

በዚያው ዓመት በክረምቱ መግቢያ ላይ አንዲት ሴት መጣች። ከወሎ ሰፈር ነው የመጣሁት አለች፤ ወንድሟን ነው የምትፈልገው። ስሙን ከነአባቱና ከነአያቱ ተናገረች። ሻምበል እጃቸውን ታጥበው አዲሱን ደብተር አምጥተው ከላይ እስከ ታች አዩት። ሁለቴ አዩት።

«እህቴ፣ ስሙን ጽፌው ነበር» አሏት። «ደብተሩ ጠፋ።»

ጠፋ ማለታቸው ለእኔ ሲሉ መሆኑ ገባኝ። ስለዚህ ተናገርኩ። ያቃጠሉት በእኔ ምክንያት ነው፣ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ አልኳት። ሴትየዋ ጥቂት አየችኝና ወደ ሻምበል ተመለሰች። ወንድሟ ግራኝ እንደነበር፣ ግንባሩ ላይ ከልጅነቱ ጀምሮ ጠባሳ እንደነበረው ነገረቻቸው። ሻምበል ዓይናቸውን ጨፍነው ብዙ ቆዩ። ከዚያ መልኩ አልመጣልኝም ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ።

እንደምትሄድ ጠብቄ ነበር። አልተነሣችም።

«ነበረ ብለውኛል አይደል?» አለች። «እንግዲያው ይጻፉት።»

ሻምበል ደብተሩን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት። እሷ እየነገረችኝ የወንድሟን፣ የአባቷን፣ የአያቷን ስም በሰማንያ ሰባተኛው ተራ ላይ ጻፍኩ። የወደቀበትን ቦታና ቀን የምንጽፍበትን ክፍል ባዶ ተውኩት። ጽሕፈቱ እስኪደርቅ ድረስ አጠገቤ ቆማ ጠበቀች።